የሰባተኛው ጉድጓድ ክዳን

ቀያሹ ማክሰኞ ማታ ወደ ቤቱ አልገባም። ሚስቱ ሌሊቱን ሙሉ ስትፈልገው አደረች። ያገኘው ግን ፍሳሹ ነው።

ረቡዕ ጠዋት በታችኛው ሰፈር ያሉ ሽንት ቤቶች ሁሉ ሽቅብ መትፋት ጀመሩ። ማዘጋጃ ቤቱ የፍሳሽ ሠራተኞችን ላከ። አንዱ ሠራተኛ የሰባት ቁጥር ማንሆልን ክዳን በመንጠቆ ስቦ አነሳና ወደ ታች ተመለከተ። ቱቦውን የዘጋው ጨርቅም ጭቃም አልነበረም። ሰው ነበር።

መርማሪው ሲደርስ ሬሳው ወጥቶ ሸራ ለብሷል። ሐኪሙ እጁን እየታጠበ ነበር።

«ቁስል የለውም» አለ ሐኪሙ። «ሳንባው ውስጥ ውሃም የለም። የገደለው የጉድጓዱ አየር ነው። እንዲህ ያለ አየር መጀመሪያ ያደነዝዛል፤ ቶሎ ከተሳበ ሰውዬው ይተርፋል።»

«ካልተሳበስ?»

«ያው እንደምታየው ነው።»

መርማሪው ሸራውን ገለጥ አደረገ። የሟቹ ብብት ሥር ገመድ ታስሯል፤ ቋጠሮው ጥሩ ቋጠሮ ነው። የገመዱ ሌላ ጫፍ ግን ከሰውዬው ጋር ከጉድጓዱ ነበር የወጣው። መለኪያ ዘንጉም አብሮት ነበር። ቀያሽ ከእጁ የማይለየው የመስክ ደብተሩ ግን ጠፍቷል።

«ክዳኑን ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። እኔ ብቻ» አለ ሠራተኛው።

«ሳትነካው በፊት እንዴት ነበር?»

«ተከድኖ።»

«እንዴት ሆኖ ተከድኖ?»

ሠራተኛው መርማሪውን ቀና ብሎ አየው። እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅም።

«ክዳኑ አንድ ቀዳዳ አለው፤ የመንጠቆው ነው። ስንከድን ቀዳዳውን ውሃው ወደሚሄድበት እናዞረዋለን። ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ሳይከፍት እንዲያውቅ ነው። መመሪያ ላይ አልተጻፈም፤ ጋሼ ውሃ ልክ የምንለው ካቦአችን ነው ያስለመደን። ከዚህ ውሃው የሚሄደው ወደ ወንዙ ነው። ዛሬ ግን ቀዳዳው ወደ ወፍጮ ቤቱ ዞሮ አገኘሁት። የትኛው እውር ነው የከደነው ብዬ ተሳደብኩ። ውስጥ ማን እንዳለ መች አወቅኩ።»

መርማሪው ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ ቀዳዳው የነበረበትን አቅጣጫ አስፋልቱ ላይ አሰመረ። የሠራተኛውንም ቃል በማስታወሻው ጻፈ።

* * *

የጣቢያው አዛዥ ነገር ማንዛዛት አይወድም። እኩለ ቀን ሳይሆን አንድ ሰው አስሮ ነበር።

የታሰረው የሰፈሩ በያጅ ነው። አዲሱ የፍሳሽ መስመር በቤቱ ላይ ያልፋል። ግድግዳው ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል፤ ቅዳሜ ይፈርሳል። ባለፈው ሳምንት ቀያሹ የተከላቸውን ችካሎች ነቅሎ፣ ሰፈር እየሰማ «ሌላ ቀን እዚህ ባይህ አንተን እተክልሃለሁ» ብሎታል። ይህን የሰማ ስድስት ምስክር አለ።

«አለቀ» አለ አዛዡ። «ክዳኑም ሥራውን በማያውቅ ሰው ነው የተከደነው፤ ራስህ ነህ የጻፍከው። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

«አንተ ደግሞ ተረት አታብዛብኝ። እስከ ስድስት ሰዓት ጊዜ አለህ።»

በያጁ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ትልቅ ሰውነት፣ የተቃጠሉ ጣቶች። ዐይኑ በእሳት ሥራ ቀልቷል፤ ወይም አልቅሷል።

«ብለኸዋል?» አለ መርማሪው።

«ብዬዋለሁ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ቤቴን ንቆ ገባ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተመልሶ መጣ። ችካሉን ሊተክል መስሎኝ መዶሻ ይዤ ወጣሁ። እሱ እቴ፤ ውሃ ስጠኝ አለኝ። ጠጣ። ‹ወንድሜ፣ ቤትህ ላይፈርስ ይችላል፤ መስመሩ ራሱ ልክ አይመስለኝም› አለኝ። መዶሻዬን ይዤ እንደ ጅል ቆምኩ።»

«መቼ ነው?»

«ሰኞ። እኔ እሱን የምገድለው አብጃለሁ? ከተማው ውስጥ ቤትህ አይፈርስም ያለኝ እሱ ብቻ ነው። እሱ ከሞተ ቅዳሜ እኔም ሞቻለሁ።»

«ይህን ለአዛዡ ነግረኸዋል?»

«ነገርኩት። የሞተ ሰው ይመስክርልህ አለኝ።»

መርማሪው ከክፍሉ ሲወጣ የበያጁን ሚስት አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ፊቱን ብቻ አነበበች።

ገመዱ እያሳሰበው ነበር። ሰው ብቻውን ጉድጓድ ሲወርድ የገመዱን ጫፍ ከላይ ካለ ነገር ጋር ያስራል። ይህ ጫፍ ግን ቋጠሮም፣ የቋጠሮ ምልክትም አልነበረበትም። ሌላ ሰው ይዞት ነበር ማለት ነው። ሰው ነፍሱ የታሰረችበትን ገመድ ደግሞ እተክልሃለሁ ላለው ሰው አያስይዝም።

* * *

የቀያሹ ሚስት ቤት ለቅሶኛ ሞልቷል። መርማሪውና እሷ ጓዳ ገብተው ቆመው ተነጋገሩ።

«የሚጠላው ሰው ነበር፣ እህቴ?»

«ችካሉን የሚጠላ ብዙ ነው። እሱን የሚጠላ አላውቅም።»

«በዚህ ሳምንት የተለየ ነገር አላየሽም?»

«ሰኞ ማታ እራቱን ሳይበላ ተነሳ። ‹ውሃ ዳገት አይወጣም፤ እኛ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ይወጣል ብለን ጽፈናል› አለኝ። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው፣ ‹በደብተሬ ላይ አለ፤ ረቡዕ በሪፖርት አወጣዋለሁ። ግን መጀመሪያ ለሚመለከተው ሰው ፊት ለፊት መንገር አለብኝ። ከወረቀት ከሚሰማው ከእኔ አፍ ይስማው› አለ።»

«ማን እንደሆነ አልነገረሽም?»

«የሰው ነውር ቤት ውስጥ አያነሳም ነበር።» በነጠላዋ አፏን ያዘች። «ቢያነሳ ምን ነበር?»

* * *

የማዘጋጃ ቤቱ የፕላን ክፍል ኃላፊ ቢሮ ግድግዳ ከጣሪያ እስከ ወለል በካርታ ተሸፍኗል። ቢጫው መኖሪያ፣ አረንጓዴው ባዶ መሬት፣ ቀዩ መስመር ፍሳሽ። ቀዩ መስመር ከሰባት ቁጥር ተነስቶ በበያጁ ቤት ላይ አልፎ ወደ አዲሱ ሰፈር ይወጣል።

«አራት መቶ ቤት ይህን መስመር ይጠብቃል» አለ ኃላፊው። «የቀያሹ ፊርማ ብቻ ነበር የጎደለው። አሮጌውን ሳልለካ አዲሱን አልቀጥልበትም አለ።»

«ተቆጡት?»

«ተቆጣሁ። ልክ እንደ እርስዎ ያለ ሰው ነበር። አንድ ነገር ከያዘ አይለቅም።»

«በአሮጌው ላይ ያገኘውን ነግሮዎት ነበር?»

«ምንም። እሮብ እነግርዎታለሁ አለ፤ እሮብ ደግሞ ዛሬ ነው።»

«ማክሰኞ ከሰዓት የት ነበሩ?»

«ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ስብሰባ አዳራሽ። ፕላኑን ለነዋሪው ሳስረዳ። አርባ ሦስት ሰው ፈርሟል።»

የስም ዝርዝሩን አውጥቶ ሰጠው። መርማሪው በጣቱ እየተከተለ አነበበው። ሁለተኛው ፊርማ የካቦው፣ የጋሼ ውሃ ልክ ነበር።

ኃላፊው ከነቂሙ ንጹሕ ነው። አርባ ሰው ፊት የቆመ ሰው ጉድጓድ አፍ ላይ አይቆምም። መርማሪው ዝርዝሩን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

* * *

ካቦው በማዘጋጃ ቤቱ ግቢ፣ በቱቦ ክምር ጥላ ሥር ተቀምጦ የመንጠቆ ጫፍ ይሞርዳል። ሠላሳ ዓመት ከመሬት በታች ሠርቷል። ከዐይኑ ግምት ጣት የሚያህል ስሕተት አያመልጥም ስለሚሉ ውሃ ልክ የሚል ስም ወጥቶለታል። ቀኝ መዳፉ በጨርቅ ታስሯል።

«እጅዎ ምን ሆነ፣ ጋሼ?»

«ብረት ነው። ከብረት ጋር የኖረ ከብረት ጋር ይጣላል።»

«ሟቹን በደንብ ያውቁታል አሉ።»

«ዘንግ አያያዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት ያልነገሩትን እኔ ነገርኩት። ጋሼ ሳይል ስሜን ጠርቶ አያውቅም።» ሞረዱን አስቀመጠ። «ልጄ ነበር ብልህ አልዋሸሁም።»

«ትናንት አላዩትም?»

«ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ፊርማዬን ተመልከት።»

«አይቼዋለሁ።»

በዚህ መካከል የካቦው ልጅ ምሳ ዕቃ ይዛ መጣች። ወደ አርባ የምትጠጋ፣ ፊቷ የረጋ ሴት ናት። የምሳ ዕቃውን ከፍታ አባቷ ፊት አስቀመጠች፤ የታሰረውን መዳፉን አይታ፣ ሳትጠይቅ፣ ማንኪያውን በግራው በኩል አደረገችለት።

«አባባ ትናንት ማታም አልበላም» አለች ለእንግዳው። «አንድ ሰው ሲሞትበት እንዲህ ነው። ልጄ የሞተች ጊዜም ሳምንት ሙሉ አፉን አልከፈተም።»

«አዝናለሁ። ምን አግኝቷት ነው?»

«ተቅማጥ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። በዚያ ክረምት በታችኛው ሰፈር አሥራ አንድ ሰው ሞተ፤ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ከነበረው የውሃ ጉድጓድ የጠጣ ሁሉ። ጎርፍ ገብቶበት ነው ብለው ደፈኑት። አራት ዓመቷ ነበር።»

ካቦው ቀና አላለም። ያልተበላውን ምሳ ከደነው።

* * *

መርማሪውን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። አሥራ ሁለት ዓመት የሚለውን ቁጥር በአንድ ቀን ሁለት ሰው ነግሮታል፤ አንደኛዋ ስለ ውሃ፣ ሁለተኛዋ ስለ ሞት።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከአናጢ ቤት ግማሽ ጆንያ ሰጋቱራ ተሸክሞ ሰባት ቁጥር ደረሰ። ትናንት ክዳኑን ያነሳውን ሠራተኛ አስጠርቶ ነበር።

«ክፈተው። አትውረድ።»

ሠራተኛው ከፈተ። ሬሳው ከወጣ ወዲህ ውሃው ጎድሏል፤ በዝግታ ይሄዳል። መርማሪው ሰጋቱራውን እፍኝ በእፍኝ በተነው። ቢጫው ዱቄት ውሃው ላይ ተንሳፈፈ፤ ጥቂት ዞረ፤ ከዚያ ተሰልፎ መሄድ ጀመረ።

ወደ ወንዙ አልሄደም። ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄደ።

ሠራተኛው በጉልበቱ ተንበረከከ። «ይኼ እንዴት ይሆናል? ወዲያ በኩል እኮ የድሮ የጎርፍ ቱቦ ነው ያለው። ከእኛ መስመር ጋር አይገናኝም።»

«ተገናኝቷል።»

«ታዲያ ወደ ወንዙ የሚሄደው ቱቦስ?»

«ውሃ ዳገት አይወጣም፤ ሟቹ እንደዚያ ነው ያለው። ይህን መስመር ማን ቀበረው?»

«ጋሼ ውሃ ልክ ነው። እኔ ያኔ ጀማሪ ነበርኩ፤ አካፋ ያዥ። ከዚህ እስከ ስምንት ቁጥር ያለውን ግን እኛን አላሠራንም። ክረምት መጣ ብሎ ከሁለት ሰው ጋር ጨረሰው። ሁለቱም አሁን በሕይወት የሉም።»

መርማሪው የጠመኔውን መስመር አየ። ትናንት ሁሉም፣ እሱ ራሱም፣ ክዳኑ ተሳስቶ ተከደነ ብለው ነበር። ክዳኑ አልተሳሳተም። በከተማው ውስጥ እውነቱን የሚናገር ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነበር። የከደነው ሰው ሥራውን የማያውቅ ሳይሆን፣ ከሁሉም በላይ የሚያውቅ ነው።

ከወፍጮ ቤቱ ስልክ ለፕላን ክፍል ኃላፊው ደወለ።

«በስብሰባው ላይ ጋሼ ውሃ ልክ ተናግረው ነበር?»

ኃላፊው አሰበ። «አሁን ሲሉኝ ይገርማል። ሁልጊዜ ቁጥር ስሳሳት ከመቀመጫው ተነስቶ ያርመኛል፤ ሰው ያስቅብኛል። ማክሰኞ ዕለት ቱቦው በየመቶ ሜትሩ አሥር ሜትር ይወርዳል ብያለሁ። አንድ ሜትር ማለት ነበረብኝ። ማንም አላረመኝም።»

«ሲገቡ ነው የሚፈርሙት ወይስ ሲወጡ?»

«ሲገቡ ነው።»

* * *

አራት ሰዓት ላይ ካቦው ተጠርቶ ሰባት ቁጥር መጣ። መንጠቆውን ይዞ ነበር። ከእሱ፣ ከመርማሪውና ከሠራተኛው በቀር ማንም የለም። ክዳኑ ከጉድጓዱ አጠገብ ተጋድሟል።

«ይክደኑልኝ፣ ጋሼ» አለ መርማሪው።

ካቦው መርማሪውን አየ። ጎንበስ ብሎ ሰጋቱራውን አየ፤ በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ፣ በወፍጮ ቤቱ በኩል፣ እንደ ቢጫ ክር ተለጥፏል። ከዚያ ክዳኑን በመንጠቆ ሳበው፤ ከባድ ብረት ነው፣ በእሱ እጅ ግን እንደ ድስት ክዳን ቀለለ። አፉ ላይ ገጠመው። ቀዳዳውን ወደ ወንዙ አዞረው።

ቀና ብሎ ሁለት እርምጃ ሄደ።

መርማሪው ዐይኑን ከክዳኑ ቀዳዳ አልነቀለም።

ካቦው ቆመ። ተመለሰ። መንጠቆውን ቀዳዳው ውስጥ አግብቶ ክዳኑን ወደ ወፍጮ ቤቱ አዞረው። ብረቱ በብረቱ ላይ ሲፋጭ ድምፁ ረጅም ነበር።

«ሰው ፊት አሥራ ሁለት ዓመት ወደ ወንዙ አዞርኩት» አለ። «ብቻዬን ስሆን እጄ እንቢ ይለኛል፤ ወደ እውነቱ ያዞረዋል። ማክሰኞ ዕለት ብቻዬን ነበርኩ።»

በጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠ።

«አለት ነበረ» አለ። «ከዚህ አሥራ አንድ ሜትር ላይ። ለመስበር ሁለት ወር ይፈልጋል፤ ክረምቱ በአሥር ቀን ውስጥ ነበር። ቱቦውን በአለቱ ላይ አሳልፌ ቀበርኩት። ውሃው እንቢ ሲል ደግሞ ለጊዜው ብዬ ወደ ጎርፍ ቱቦው ቀደድኩለት። በጋ ሲመጣ አስተካክለዋለሁ አልኩ። የጎርፍ ቱቦው መገጣጠሚያ በውሃ ጉድጓዱ በኩል እንደሚያፈስ አላወቅኩም። ያወቅኩት ልጅቷን ከቀበርን በኋላ ነው።»

«ለማን ነገሩ?»

«ለማን ልንገር? ልጅሽን የገደልኩት እኔ ነኝ ብዬ ለልጄ?» መዳፉን አየ። «እሱ ደረሰበት። ማክሰኞ ከአዳራሹ በር ላይ ጠርቶ ነገረኝ። በአክብሮት ነው የነገረኝ። ‹ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ወርጄ ልለካና እርግጠኛ ልሁን፤ ገመዱን ይያዙልኝ› አለኝ። ያዝኩለት። ወረደ፤ ለካ፤ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ነገረኝ፤ ልክ ነበር። ከዚያ ድምፁ ጠፋ።»

«አልሳቡትም?»

«ሳብኩት። እጄ እስኪላጥ ሳብኩት። ግማሽ መንገድ አደረስኩት።» የመዳፉን ጨርቅ ነካ። «ግማሽ መንገድ ላይ የልጄ ፊት መጣብኝ። ነገ ታውቃለች አልኩ። ገመዱን የለቀቅኩት ያኔ ነው። ከዚያ ከደንኩት።»

ሠራተኛው ፊቱን አዞረ። አሥራ ሁለት ዓመት ያህል እንደ አባት ያየውን ሰው ማየት አልቻለም።

«ደብተሩስ?» አለ መርማሪው።

«ሳይወርድ በፊት አስይዞኝ ነበር። የመሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ ነው፤ በላስቲክ ጠቅልዬዋለሁ። ላቃጥለው ክብሪት ጭሬ ነበር።» ራሱን ነቀነቀ። «ንጹሕ ሥራ ነው። አንድ ቁጥር አልተሳሳተም።»

* * *

ከስድስት ሰዓት አሥር ደቂቃ በፊት በያጁ ከጣቢያው ወጣ። ሚስቱ ከአግዳሚው ተነስታ እጁን ያዘች። የፕላን ክፍል ኃላፊው ደብተሩን አንብቦ የቅዳሜውን ማፍረስ አቆመ። ቀዩ መስመር እንደ አዲስ ይሠመራል፤ በየት በኩል እንደሆነ ገና ማንም አያውቅም።

አዛዡ መዝገቡን ገልብጦ ዘጋው። «አየሩ ነው የገደለው ብሎ የካቦው ጠበቃ ይከራከራል።»

«ይከራከር። ክዳኑን የከደነው አየሩ አይደለም።»

ከሰዓት በኋላ የካቦው ልጅ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ወደ ጣቢያው መጣች። የሆነ ነገር እንዳለ ሰምታለች፤ ምን እንደሆነ አልሰማችም። መርማሪው ካቦው ወደታሰረበት ክፍል ሄዶ አናገረው።

«እኔ ልንገራት ወይስ እርስዎ?»

«ሟቹ ‹ከወረቀት ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት› ብሎኝ ነው የሞተው» አለ ሽማግሌው። «አስገባት።»

መርማሪው በሩን ዘግቶ ኮሪደሩ ላይ ቆመ። የሽማግሌው ድምፅ ዝቅ ብሎ፣ ሳይቋረጥ ይሰማል። ሩብ ሰዓት ያህል ሆነው። ከዚያ በሩ ተከፈተ።

ፊቷ እንደ ትናንቱ የረጋ ነበር። ምሳ ዕቃውን አልያዘችም፤ ውስጥ ትታዋለች።

«ይብላ» አለች። «ዛሬ ይብላ። ከነገ ጀምሮ ግን ሌላ ሰው ያምጣለት።»

የሚያመጣ ሌላ ሰው እንደሌለ መርማሪው ያውቃል። እሷም ታውቃለች። በሩ ድረስ ሸኛት። ደረጃው ላይ ቆም አለች።

«ውሃውን የምቀዳላት እኔ ነበርኩ» አለችና ሄደች።

መርማሪው ወደ ካቦው ክፍል ሲመለስ ምግቡ አልተነካም። ካቦው ከምሳ ዕቃው ሥር የነበረውን የመጠቅለያ ወረቀት ዘርግቶ፣ ከዘበኛው በተዋሰው እስክሪብቶ፣ በግራ እጁ አንድ ነገር ይሥላል። መስመሩ ይንቀጠቀጣል። ቁጥሮቹ ግን ይነበባሉ።

«ይኼን ለዚያ አካፋ ያዥ ስጠው» አለ። «አለቱ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ነው። በቀኝ በኩል እንዳይሞክሩት፤ ይወፍራል። በግራ ይዙሩት። የበያጁ ቤት አይነካም።»

መርማሪው ወረቀቱን ተቀበለ። ከሥሩ፣ ካቦው ፊርማውን በሚያኖርበት ቦታ፣ ቀስት ተሥሏል። ውሃው ወደሚሄድበት ያመለክታል።